የጋሼ ጥይት ወረፋ

በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ከዘበኛው እስከ ኃላፊዋ ድረስ ሁሉም «ጋሼ ጥይት» ነበር የሚሉት። ጥይት ያሰኘው ቁጣው እንዳይመስላችሁ። የማዕከሉ ፕሮግራም ሠሪ የሆነው ሰውዬ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ዝምተኛ ነው። ስሙን ያወጣለት የሠራው ሥራ ነው። አልወደውም ይል ነበር፤ በተጠራ ቁጥር ፊቱ ፈካ ሲል እያዩ ግን ማን ይመነው!

ማዕከሉ ሁለት አዳራሽ አለው። በአንደኛው ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ የሰኩ አሥራ ሁለት ጥሪ ተቀባዮች ይቀመጣሉ። ሰው የወደቀበት፣ የተቃጠለበት፣ ትንፋሽ ያጠረበት ቤት የሚደውለው ለእነሱ ነው። በሁለተኛው፣ ከመስታወቱ ግድግዳ ማዶ፣ አራት አሰማሪዎች አሉ፤ የትኛው አምቡላንስ የት እንደሚሄድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በድሮው ጊዜ ተቀባዮቹ ወረቀት ጽፈው በመስታወቱ ቀዳዳ ያቀብሉ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ወረቀቱ ቀረ፤ ሆኖም የአሰማሪዎቹ ፕሮግራም የተቀባዮቹን መዝገብ እየሄደ የሚያነበው በየአሥር ሰከንዱ ነበር። አሥር ሰከንድ ለኔና ለእናንተ ምንም አይደለም፤ ልቡ ለቆመ ሰው ግን ብዙ ነው።

ጋሼ ጥይት ያንን አሥር ሰከንድ እንደ ባላንጣ ጠላው። ከስድስት ዓመት በፊት ሦስት ወር ከክፍሉ ሳይወጣ ከረመና የመልዕክት ወረፋ ዘረጋ። የተቀባዮቹና የአሰማሪዎቹ ፕሮግራሞች አንድ ማሽን ውስጥ የሚኖሩ፣ ግን አንዱ የሌላውን ጓዳ የማያይ ጎረቤቶች ናቸው። ወረፋው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የፖስታ ሳጥን ነው። አንዱ መልዕክቱን ይጥልና ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሌላው እጁ ነፃ ሲሆን ያነሳል። መዝገብ መግለጥ የለ፣ ዲስክ ማገላበጥ የለ። መልዕክቱ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው የሚደርሰው ሰው ዓይኑን ሳያርገበግብ ነው። ይበልጥ እንዲፈጥን ብሎ መልዕክቱን አከሳው፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ቆርጦ ጣለ። የተላከበትን ሰዓት ሳይቀር ጣለው። «አሰማሪዎቹ ሲቀበሉ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ሁለቴ መጻፍ ምን ሊረባን?» አለ። ሁሉም ልክ ነው አሉት። አጨበጨቡለት፤ ጥይት የሚለው ስምም የዚያን ቀን ወጣለት።

ከተቀባዮቹ መካከል በመስታወቱ ቀዳዳ ወረቀት ያቀበለች አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች። እትዬ አይዞሽ ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ወንድ ቢደውል አይዞህ፣ ሴት ብትደውል አይዞሽ ሳትል አድራሻ ጠይቃ አታውቅም። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ከጎኗ ነው የሚያስቀምጡት። ጋሼ ጥይትን ፀጉሩ ጥቁር ሳለ ጀምሮ ታውቀዋለች። እሷ ወንድሜ ትለዋለች፤ እሱ እትዬ ይላታል። ማሽኗ ሲያስቸግራት «ወንድሜ፣ ይሄ ነገርህ ዛሬ አኩርፎኛል፤ ና አስታርቀን» ብላ ትጠራዋለች።

ነገሩ የሆነው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና የአውቶቡስ ጣቢያውን የቆርቆሮ ጣሪያ ገነጠለው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከመቶ በላይ ጥሪ ጎረፈ። አብዛኛው ቀላል ነበር፤ ክንዱ የተላጠ፣ እግሩን ወለም ያለው፣ በድንጋጤ ወድቃ የተነሳች። ቀላልም ቢሆን ይመዘገባል፣ ይላካል። አራቱ አሰማሪዎች እጅ አጠራቸው፤ ሳጥኑ ሞላ።

በዚያው ሰዓት፣ ከጣቢያው ርቆ ባለ ሰፈር፣ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናው ፊት እንደተቀመጠ ደረቱን ይዞ ተደፋ። ሚስቱ ደወለች፤ እትዬ አይዞሽ አነሳች። በማዕከሉ አሠራር ጥሪ ሁሉ ደረጃ አለው፤ አንደኛ ደረጃ ነፍስ ሊወጣ ነው ማለት ነው፣ ሦስተኛ ደረጃ መቆየት ይችላል ማለት ነው። እትዬ አይዞሽ አንደኛ ደረጃ ብላ ላከችው። አምቡላንሱ የደረሰው ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ሲሆን ሰውዬው ሞቶ ቆየው።

ምርመራው የተጀመረው በማግስቱ ነው። በድምፅ ቅጂው ላይ ሚስቲቱ የደወለችው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። በአሰማሪዎቹ መዝገብ ላይ ጥሪው ደረሰን ያሉት አራት ከሠላሳ አንድ ላይ ነው። በመካከል አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አለ። የት ሄደ? ድሮ ሐኪም የነበረችው የማዕከሉ ኃላፊ እትዬ አይዞሽንና ጋሼ ጥይትን ወደ ስብሰባ ክፍሉ ጠርታ ጠየቀች።

«እኔ ወዲያው ነው የላክሁት» አለች እትዬ አይዞሽ። «አድራሻውን እንደነገረችኝ።»

ኃላፊዋ ወደ ጋሼ ጥይት ዞረች። «እርስዎ ይንገሩን እስቲ። መልዕክት በሲስተሙ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል?»

ጋሼ ጥይት አላሰበበትም። ሄጄ ልየው አላለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ ሲናገረው የኖረውን አፉን ሞልቶ ተናገረ። «ከሺህ አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ሲስተሙ አያዘገይም።»

እትዬ አይዞሽ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረችና «እንግዲያው እኔ ነኛ» አለች ቀስ ብላ። ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግዳ ወደ ቤቷ ሄደች።

ያቺ ንግግሯ ሆዱ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለችው። ሲበላ ትመጣበታለች፣ ሲላጭ ትመጣበታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ መጫን ያልረሳች ሴት በዚያች ቀን ትርሳ? ሰው ነው፣ ይረሳል፣ እያለ ራሱን ያባብላል፤ ሆዱ ግን እሺ አይለውም። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ነገሩ ይለይለት ብሎ በማለዳ ቢሮ ገባ።

እስከዚያ ድረስ ወረፋውን የሚፈትነው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። መቶ ሺህ መልዕክት ይለቅበታል፣ ፍጥነቱን ይለካል፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ተቀባዩን ፕሮግራም አስቁሞ፣ ሳጥኑን ሞልቶ፣ ማን ቀድሞ ይወጣል ብሎ አይቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን በመሞከሪያው ማሽን ላይ እንደዚያ አደረገ። ሠላሳ ዘጠኝ ሦስተኛ ደረጃ ጥሪ ጣለበት፤ መሐል ላይ አንድ አንደኛ ደረጃ ጨመረ። ከዚያ የአሰማሪዎቹን ፕሮግራም ለቀቀው።

ሦስት ወጣ። ሦስት ወጣ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ጋሼ ጥይት ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበ። ያቺ አንድ ቁጥር የወጣችው አርባኛ ሆና ነው።

ደገመው፤ ያው ነው። ሠለሰው፤ ያው ነው። ከመደርደሪያው ላይ ወረፋውን የዘረጋበትን መሣሪያ መመሪያ አወረደ፤ የሚፈልገውን ገጽ እጁ ሳይሳሳት አገኘው፤ ከስድስት ዓመት በፊት አንብቦታልና። ቁጥሩ የሚበልጠው መልዕክት ይቀድማል ይላል። ለሐኪሞቹ አንድ ማለት ከሁሉ የባሰው ነው፤ መሣሪያውን ለፈጠሩት ሰዎች ደግሞ ትልቁ ቁጥር ነው ባለ ተራ። እሱ የሐኪሞቹን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ለወረፋው ሰጠው። መገልበጥ ነበረበት፤ አልገለበጠም። ከመፍጠኑ የተነሳ ሳጥኑ ሁልጊዜ ባዶ ስለሚሆን ስህተቱ ስድስት ዓመት ሳይታይ ኖረ። ያ ማክሰኞ መጣ፤ ሳጥኑ ሞላ፤ ልብስ ሰፊው ከሁሉም በታች ቀረ። ከእሱ በኋላ የመጣ የተላጠ ክንድ ሁሉ እየቀደመው አለፈ።

ጋሼ ጥይት ወሽመጡ ተቆረጠ። ሰው ገድያለሁ አለ በሆዱ፤ ሌላ ቃል አላገኘለትም።

እንግዲህ ሰው ነውና፣ ቀጥሎ የመጣበትንም አልደብቃችሁም። ማስተካከያው አንዲት መስመር ናት። ኮዱን ከእሱ በቀር የሚያነበው የለም። ቁጥሩን ቢገለብጥ ነገ ሁሉ ነገር ልክ ይሆናል፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። ከእንግዲህ ማንም እንደ ልብስ ሰፊው አይሞት፣ ይበቃል፣ ሙታንን የሚያስነሳ የለ እያለ መስመሯን ጻፋት። ጣቱ ለውጡን በሚያስቀምጠው ቁልፍ ላይ ቆየ። የፍርድ ቤት ደጃፍ ታየው፤ ጥይት ጥይት ሲሉት የኖሩት ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩት ታየው። ቁልፉን ተጫነ። ስህተቱ ታረመ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ኃላፊዋ ነበረች፤ ወደ ቢሮዋ እንዲመጣ ፈለገች።

ሲገባ እፎይ ያለች መስላ አገኛት። አንድ ወረቀት ወደ እሱ ገፋ አደረገችና «አለቀልን» አለችው። «እትዬ ራሳቸው ጽፈው ላኩ። እኔም መጨካከኑን አልፈልገውም፤ ጡረታቸው ቀርቧል፤ በክብር እንሸኛቸውና ነገሩን እንዝጋው።»

ወረቀቱን አነሳ። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ፊደሏ ያው በመስታወቱ ቀዳዳ ሲያልፍ የኖረው ክብ ክብ ፊደል።

«ቁልፉን ሳልጫን የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ይሁን እንጂ ሲስተሙ አያዘገይም ተብሏል። ይህንን ያለውን ሰው ለብዙ ዘመን አውቀዋለሁ፤ አይዋሽም። ስለዚህ ያልታዘዘኝ እጄ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጋሼ ጥይት ሁለቴ አነበበው። እነሆ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል፤ ዝም ብሎ ቢወጣ ማንም አይከተለውም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰና ወንበር ሳይፈቀድለት ቁጭ አለ።

«ይሄ ውሸት ነው» አለ።

«እትዬ ዋሹ እያሉ ነው?»

«እሷ አልዋሸችም። እኔ ነኝ። መዋሸት እንኳ አይደለም፤ ሳላይ ነው የተናገርኩት፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል። እትዬ ወዲያው ልካለች። አሥራ ዘጠኙን ደቂቃ የበላው የኔ ወረፋ ነው።»

ሁሉንም ነገራት። ቁጥሩን ነገራት፣ አርባውን መልዕክት ነገራት፣ ከደቂቃዎች በፊት ቀስ ብሎ ማረሙንም ነገራት። ኃላፊዋ በመሐሉ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት።»

«ማንም ሳያየው?»

«ሳጥኑ ውስጥ አንድ መልዕክት ብቻ ካለ አንደኛ ደረጃም ሦስተኛ ደረጃም ያው ነው፤ ይወጣል። የሚለየው ሲሞላ ነው።»

«ከዚህ በፊትስ ሞልቶ ያውቃል?»

«ለአጭር ጊዜ ሳይሞላ አይቀርም። ጎርፍ የነበረ ጊዜ። ፋብሪካው የተቃጠለ ጊዜ።»

«ታዲያ ስንት ሰው ነው?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ስንት ሰው ነው ጋሼ?»

አንገቱን ደፋ። «አላውቅም። መልዕክቱ መቼ እንደተላከ ቢጻፍ ኖሮ እናውቅ ነበር። ያንን ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እንዲቀል ብዬ። የድምፅ ቅጂውም ከሦስት ወር በላይ አይቀመጥም።»

ኃላፊዋ በቢሮዋ መስታወት በኩል ወደ አዳራሹ አየች። በመስታወቱ ማዶ ተቀባዮቹ ሲናገሩ ከንፈራቸው ብቻ ይታይ ነበር። በመጨረሻ «ጉዳዩን ለሕግ ክፍል እጽፋለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም» አለችው። «እርስዎ ግን መጀመሪያ እትዬ ጋ ይሂዱ። ይህንን ከሌላ አፍ መስማት የለባቸውም።»

ከሰዓት በኋላ ሄደ። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ራሷ ከፈተችለት፤ ከስታለች። «ወንድሜ፣ ግባ፣ ግባ» አለችው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወንበር አቀረበችለት። የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ገመዱ የተቆረጠ አሮጌ የኮምፒውተር ኪቦርድ ተቀምጧል። ዓይኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ ጊዜ ትንሽ አፈረች።

«ከዕቃ ቤት የተጣለ ነው፤ የዛሬ ዓመት ለመጣያ ሲያወጡት ወስጄው ነበር» አለች። «ጠዋት ጠዋት እሞክረዋለሁ። አድራሻ ጻፍ፣ ደረጃ ስጥ፣ ላክ። ጣቴ ሳይጫን የሚቀርበትን ጊዜ ልይዘው ብዬ። መቶ ጊዜ ብሠራው መቶውንም ጊዜ ይጫናል። ያን ቀን ምን ነካኝ እላለሁ።»

ጋሼ ጥይት መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበር፤ ጠፋበት። «ተጭነሻል እትዬ» አለ ብቻ። «ያን ቀንም ተጭነሻል።»

ነገራት። እንደ ኃላፊዋ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ እጆቿን አንስታ መዳፎቿን አየቻቸው፤ ከዚያ ኪቦርዱን በቀስታ ገፋ አደረገችው። ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ፤ ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ይቅር አልኩህ ብትለው እግሯ ሥር ለመውደቅም ተዘጋጅቶ ነበር።

«ልብስ ሰፊው ቤት ሄጄ ነበር» አለች። «ደብዳቤውን ከጻፍኩ በኋላ። ሚስቲቱን ይቅርታ ልለምን።»

«ምን አደረግሽ እትዬ!»

«እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሳችኝ፤ አልሰደበችኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ለምን እንድጠብቅ አደረግሽኝ አለችኝ።»

ጋሼ ጥይት አልገባውም።

«የጎረቤት መኪና ነበራቸው» አለች እትዬ አይዞሽ። «ሞተሩ ተነስቶ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ በስልክ ትጠይቀኛለች፤ በመኪናው ልውሰደው ወይ ትለኛለች። እኔ ስክሪኔን አየሁ። ተልኳል ይላል። ተልኳል ካለ ወጥተዋል ማለት ነው ብዬ፣ አይዞሽ፣ አታነቃንቂው፣ እየመጡ ነው አልኳት። አራት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አራት ጊዜ ያንኑ አልኳት። ሆስፒታሉ ከቤታቸው በመኪና የዘጠኝ ደቂቃ መንገድ ነው ወንድሜ። ራሴ ሄጄ አየሁት።»

«ስክሪኑ ነው ያሳሳተሽ። ተልኳል የሚለው ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ነው። እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግሁት።»

«አውቃለሁ፤ አሁን ነገርከኝ። እጄን ነፃ አወጣህልኝ፤ እግዜር ይስጥህ።» አፏን በጣቷ ነካች። «አፌንስ? አትሂጂ ያልኳት በአፌ ነው።»

ጋሼ ጥይት አለቀሰ። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱን ሲቀብር እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም። እሷ ውሃ ቀዳችለት። ብርጭቆውን እንደያዘ ነው የጠየቀችው።

«አሰማሪዎቹ ማንሳት አለማንሳታቸውን እኔ ማወቅ እችላለሁ? ማለቴ፣ ማሽኑ ሊነግረኝ ይችላል?»

«ይችላል። እነሱ ሲያነሱ ወደ አንቺ የሚመለስ ሁለተኛ ወረፋ መዘርጋት ነው።»

«ለምን አልዘረጋኸውም ታዲያ?»

እውነቱን ከመናገር በቀር ምን ይላል። «ያዘገያል ብዬ። በጣም ትንሽ።»

«ዘርጋው» አለችው። «ተልኳል አይበለኝ። ማንም ካላነሳው ማንም አላነሳውም ይበለኝ። ስንተኛ እንደሆንኩ ይንገረኝ። ከዚህ በኋላ ሰው አትሂድ የምል ከሆነ አውቄው ልበል።»

ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ሕግ ክፍል ሁለት ጊዜ ቃሉን ተቀበለው፤ የሚሆነው ገና አልታወቀም ነበር። ከኃላፊነቱም ተነስቷል፤ ሥራውን አሁን ሌላ ሰው እያየለት ነው የሚሠራው፤ እሱም ይሁን አለ። ኃላፊዋን ተከትሎ ልብስ ሰፊው ቤት ሄዶ ለሚስቲቱ ጥፋቱ የማን እንደነበር በራሱ አፍ ነገራት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችውና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጥይት ብሎ የሚጠራውም ሰው እየቀነሰ ሄደ። አዲሱ ሥራ ሲያልቅ መልዕክቱ የተላከበትን ሰዓት ይዞ ይሄዳል፤ ትልቁ ሕመም ይቀድማል፤ በተቀባዮቹም ስክሪን ላይ፣ አሰማሪ እስኪያነሳው ድረስ፣ ስንት ጥሪ እንደሚቀድመው ቁጥሩ በቀይ ይታያል።

እትዬ አይዞሽ ወደ ወንበሯ በተመለሰች በአምስተኛው ቀን ከባድ ጉም ወረደ። ጠዋት በዋናው መንገድ ላይ አሥራ አራት መኪና ተላተመ። ተጎጂው ሁሉ ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ፣ ሁሉም አንደኛ ደረጃ። ጋሼ ጥይት ሥራው እንዳይበላሽበት ፈርቶ ከክፍሉ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ፣ ከወንበሯ ኋላ ቆሟል። አንድ ወንድ ደወለ። እናቴ ወድቃለች፣ አፏ ተጣሟል፣ አትናገርም አለ። መጀመሪያ አይዞህ አለችው። አድራሻውን ጻፈች፤ አንደኛ ደረጃ ብላ ላከች። በስክሪኑ ላይ በቀይ የወጣው ቁጥር ሰባት ነው።

እትዬ አይዞሽ ቁጥሩን አየችው።

«ስማኝ የኔ ልጅ፤ መኪና አለህ?»

«የአጎቴ አለ። ለምን? እናንተ አትመጡም?»

«ከፊትህ ሰባት ሰው አለ። ማንም ገና አላነሳህም። እኛን አትጠብቅ። እናትህን በጎኗ አስተኝተህ ይዘሃት ውጣ።»

«ታዲያ እናንተ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ብሎ ጮኸ። በሌሎቹ ተቀባዮች ጆሮ ሳይቀር ተሰማ። «እናቴ እየሞተች ወረፋ ትቆጥሪልኛለሽ? ሰው አይደለሽም?»

«ልክ ነህ፤ ሂድ አሁን። ስልኩን አትዝጋው፤ መንገዱን እኔ እመራሃለሁ።»

ሰደባት፤ ግን ሄደ። በር ሲከፈት ተሰማ፤ ሰዎች ሲጯጯሁ ተሰማ፤ ሞተር ተነሳ። እትዬ አይዞሽ በጉሙ ውስጥ ወደ ቀኝ በል፣ ወደ ግራ በል፣ ድልድዩን እንዳለፍክ ፍጥነት ቀንስ እያለች መራችው። ስድቡ እየቀነሰ ሄዶ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ጋሼ ጥይት ዓይኑን ከቀዩ ቁጥር ላይ መንቀል አቃተው። ስድስት ሆነ። ብዙ ቆይቶ አምስት ሆነ። አሰማሪዎቹ ከመስታወቱ ማዶ እጃቸው እየተራወጠ ነው፤ ማንም አልተኛም፤ ግን መድረስ አልቻሉም።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ በስልኩ ውስጥ የብረት በር ሲንሸራተት፣ ተሸካሚ አልጋ አምጡ ሲባል ተሰማ። «ደርሰናል» አለ ሰውዬው፤ እያለቀሰ ነው። «ተቀብለዋታል። እማማ ዓይኗን ገልጣለች። ደርሰናል።»

በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ገና አራት ነበር።

እትዬ አይዞሽ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ለልብስ ሰፊው አለቀሰች። ጋሼ ጥይትም አዳራሹ ሁሉ እያየው ከኋላዋ ቆሞ አለቀሰ።